አንድ ቁጥር ያነሰ ታኬታ

የሰውየውን ትክክለኛ ስም ብትጠይቁ ከሚስቱ በቀር የሚነግራችሁ አታገኙም። የአንድ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ሁሉም የሚጠራው ጋሽ ቁጥር ብሎ ነው። አንዲት ልጅ ገና በበሩ ስትገባ ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎ "ሠላሳ ስምንት" ካለ ሠላሳ ስምንት ናት፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ለማረጋገጥ ያህል ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ልጅቱን "እስቲ እጅሽን ጨብጪ" ይላታል፤ ካልሲ ያመጣና በጭብጧ ዙሪያ ይጠመጥመዋል፤ ተረከዙ ከጫፉ ጋር ከገጠመ ቁጥሯ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ይቀንሳል። ሠላሳ ስምንት የሆነችዋ ሠላሳ ሰባት ይሰጣታል ማለት ነው።

ይቺ አንድ የመቀነስ ነገር ከተጫዋችነት ዘመኑ ይዟት የመጣት ናት። "ኳስ እግር ላይ የሚሰማው ታኬታ ሲጠብ ነው" ይላል። "ሰፊ ታኬታ ያደረገ ሰው ኳስ አይመታም፤ ጫማውን ነው የሚወረውረው።" አሰልጣኙም ያምነዋል፤ ልጆቹም ያምኑታል። ማን ይከራከረዋል?

አዲስ ታኬታ የመጣ ዕለት ደግሞ ጉድ ነው። ልጆቹ የመልበሻ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደሩና ታኬታቸውን እንዳጠለቁ እግራቸውን ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይነክራሉ። ከዚያ ውሃው እየተንጠባጠበ ሜዳውን መዞር ነው፤ ቆዳው እግራቸው ላይ እስኪደርቅ ማውለቅ የለም። አንዷ "ጋሼ፣ ጣቴን አመመኝ" ካለች መልሱ የታወቀ ነው፤ "ይለምደዋል።" ሁለተኛ አታነሳውም። እዚያ ቡድን ውስጥ በታኬታ ማጉረምረም የሞልቃቃ ነገር ነበር።

እሱ ራሱ ድሮ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው ያቆመው። ለምን አቆምክ ያሉት እንደሆነ የቀኝ ጉልበቱን መታ መታ ያደርግና "ይቺ ናት ጉድ የሠራችኝ" ይላል። አንድ ግንድ የሚያክል ተከላካይ እንዴት ከኋላ እንደመጣበት፣ ጉልበቱ ሲሄድ ድምፁ እንዴት ተመልካቹ ድረስ እንደተሰማ ሲተርክ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ታሪኩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያድግ ነበር። ኋላ ኋላማ ተከላካዩ ሁለት ሜትር ገብቶ ነበር።

ከልጆቹ አንዷ የገዛ ልጁ ናት። ቀጭን ስለሆነች፣ ብትታጠፍ እንጂ ስለማትሰበር ጓደኞቿ ሽቦ ብለው ስም አውጥተውላታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የግራ ክንፍ ትጫወታለች። ኳስ ይዛ የተነሳች እንደሆነ ጋሽ ቁጥር በእጁ የያዘውን ሁሉ ይጥላል። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጥሎ አሰልጣኙ ሦስት ቀን አኩርፎታል። ልጄ ናት ብዬ አይደለም ይል ነበር፤ ልጁ ስለሆነች ነበር። ግን ልጁ ባትሆንም ያው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሷን አይቶ የማይወድ ዓይን ያለው ሰው የለም።

የዚያን ዓመት ውድድር ሲጀመር አዲስ ወጌሻ መጣች። የቀድሞው ወጌሻ የበረዶ ከረጢት ይዞ ሜዳ ውስጥ ከመሮጥ ሌላ ሥራ ያለውም አይመስለው ነበር። ይቺኛዋ በትምህርት ቤት የተማረች ናት። አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ከአጠገቧ ካለው ሰው ጆሮ የማያልፍ። ጋሽ ቁጥር ያያት ዕለት "ይቺንማ ነፋስ ይወስዳታል" ብሎ ነበር፤ በኋላ አፈር በበላሁ አሰኝቶታል።

በሦስተኛው ቀን ልምምድ እንዳለቀ ልጆቹን መልበሻ ክፍል ሰብስባ "ካልሲያችሁን አውልቁ" አለቻቸው። ልጆቹ ምስጢራችሁን አውጡ የተባሉ ይመስል እርስ በርስ ተያዩ። ወጌሻዋ ወለሉ ላይ የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ዘረጋችና አንድ በአንድ እያቆመቻቸው የሁለት እግራቸውን ዙሪያ በእርሳስ መሣል ጀመረች።

"ቁጭ ብለን ብትስይን አይሻልም?" አለች በረኛዋ። ከቁመቷና ከስፋቷ የተነሳ ግድግዳ ነው የሚሏት።

"ቁጭ ስትዪ እግርሽ ይሰበሰባል፤ ስትቆሚ ነው የሚዘረጋው" አለች ወጌሻዋ። "ግብ የምትጠብቂው ቁጭ ብለሽ ነው እንዴ?"

"አንዳንዴ" አለች አንዷ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ጋሽ ቁጥር በዚያ ሰዓት የታጠፉ ማልያዎች ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሃያ ሁለት ልጆች ባዶ እግራቸውን ቆመዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የያንዳንዳቸውን የጫማ ቁጥር በእንቅልፍ ልቡ ይናገራል፣ እግራቸውን ግን አይቶት አያውቅም ነበር። የአንዷ ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ሥር ተሸሽጋለች። የግድግዳ አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ተጋድማ ከሥሯ ያለው አጥንት ወደ ውጭ አብጧል። የሌላዋ ጥፍር ጠቁሮ ሊነቀል ደርሷል። ማልያዎቹ እቅፉ ውስጥ ከበዱት።

ወጌሻዋ ሽቦ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች። ከአውራ ጣቷ ቀጥላ ያለችው ጣት በሁለቱም እግሯ መሃሏ ላይ ታጥፋ ሽቅብ ጉብ ብላለች፤ ጉብታዋ ላይ ቆዳው ጠጥሮ ቀልቷል።

"ይቺ ታምሻለች?"

"አታመኝም።"

"ስትነካስ?"

"ስትነካማ ማንን አያመውም።"

ወጌሻዋ በአንድ እጇ ከውስጥ እግሯ ደገፍ አድርጋ በሌላኛው አውራ ጣቷ ጉብታውን ቀስ ብላ ተጫነችው። የግራዋ ጣት ወዲያው ቀጥ አለች። የቀኟ እምቢ አለች። ወጌሻዋ ሳትቸኩል ተጫነች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ተጫነች። ጣቷ እየተንቀጠቀጠች ወረደች፤ ግን ጨርሳ ወለሉን አልነካችም። ሽቦ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ታያለች።

"የግራዋ ደህና ናት" አለች ወጌሻዋ። "የቀኟ ግን አፋፍ ላይ ናት። ጅማቷ አጥሯል፤ መገጣጠሚያዋ ግን ገና አልደረቀም። አሁን ሰፊ ታኬታ አድርገሽ፣ በፕላስተር እያሠርን፣ በየቀኑ እንቅስቃሴ ከሠራሽ በሦስት ወር እናተርፋታለን ብዬ አምናለሁ። ይህን የውድድር ዓመት በዚሁ ታኬታ ከጨረስሽው ግን ትደርቃለች። ከደረቀች በኋላ የኔ እጅ አይዘረጋትም፤ ቀዶ ሕክምና ነው።"

"ቀዶ ሕክምናው ከተሠራልኝ በኋላ መጫወት እችላለሁ?"

"ብዙዎች ይችላሉ። የማይችሉም አሉ። አንቺ ከየትኞቹ እንደምትሆኚ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብልሽ መዋሸት ነው።"

ሽቦ ካልሲዋን አጠለቀች።

ጋሽ ቁጥር ማልያዎቹን እንደታቀፈ በቀጥታ ወጌሻዋ ክፍል ሄዶ ጠበቃት። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ መደርደሪያ፣ ብዙ ፕላስተር ነው። ስትገባ ደሙ ፈልቶ ነበር።

"ስሚ ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው" ብሎ ጀመረ።

"ይቀመጡ ጋሼ።"

"አልቀመጥም።"

"እሺ፣ እኔም ልቁም" አለችና ቆመች። ደግሞ መቆሟ ብዙም ለውጥ አላመጣም፤ ያው ደረቱ ጋ ነበረች። "የልጅዎን ታኬታ ሊያመጡልኝ ይችላሉ?"

እየነደደው ሄዶ አመጣው። እሷም የሽቦን እግር የሣለችበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "እላዩ ላይ ያስቀምጡት" አለችው። አስቀመጠው። የእርሳሱ መስመር በግራም በቀኝም ተርፎ ታየ፤ ከፊት ለፊትም ተርፏል። ጋሽ ቁጥር ታኬታውን ወደ ግራ ገፋ አደረገው፣ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው፣ ወደ ፊት አስጠጋው። የትም ቢያስጠጋው እግሩ ይተርፋል።

"በጭብጥ የሚለኩት ርዝመትን ነው፤ ስፋትን አይነግርም" አለች ወጌሻዋ፤ ድምፅዋ ያው ዝግ ያለው ድምፅ ነው። "ደግሞ ታኬታውን ሲያጠልቁላቸው ከፊት የሚነኩት አውራ ጣታቸውን ነው አይደል? የሽቦ ረጅሟ ጣት ሁለተኛዋ ናት። ጫማው ሲያጥርባት የት ትሂድ? ታጠፈች። ስንት ዓመት ታጥፋ ስትኖር ጅማቷ አጠረ። እንዲህ ያለ እግር በዘር ይመጣል፤ ከእናቷ ነው ከእርስዎ?"

ጋሽ ቁጥር ታኬታውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

"ለማንኛውም በዘር የመጣው ርዝመቷ ነው። ያጎበጣት ጫማ ነው።"

ያጎበጣት ጫማ ነው አለች እንጂ ያጎበጥካት አንተ ነህ አላለችውም። ማለት ትችል ነበር። እሱ ቢሆን ይል ነበር፤ ያውም ቡድኑ በሙሉ እየሰማ። ይቺ ነፋስ ይወስዳታል ያላት ልጅ ከነሠላሳ ዓመቱ አንስታ አስቀመጠችው፣ ግን ክብሩን ጫፉን እንኳ አልነካችበትም። በዚያች ቅጽበት ነው የወደዳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ሲልም ከልቡ ነው።

"የእርስዎስ እግር እንዴት ነው?" አለችው ሊወጣ ሲል።

"የኔ ጉልበት ነው" ብሎ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ሽቦ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ዳቦ ትገምጣለች፤ እናቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጋሽ ቁጥር ገና "ያ ታኬታ..." ከማለቱ ልጅቱ ቀደመችው።

"እንዳትጀምር አባዬ። በአምስት ሳምንት ውስጥ የብሔራዊ ቡድን መራጮች ይመጣሉ። አምስት ሳምንት። አሁን ነው እንደ ጀልባ ያለ ጫማ የምለማመደው?"

"ወጌሻዋ እኮ..."

"ወጌሻዋ ኳስ መትታ ታውቃለች? አንተ አይደለህ እንዴ ጠባብ ነው ጥሩው ያልከኝ? አሥራ አንድ ዓመቴ እያለ ሳፋው ውስጥ ያቆመኝ ማነው? ሲያመኝ ይለምደዋል ያለኝስ? ይኸው ለመደው።"

ዳቦዋን ጥላ ወጣች። ጋሽ ቁጥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ወሽመጡ ተቆርጧል።

"ንገራት" አለች ሚስቱ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል።

"ምኑን?"

"ሃያ አምስት ዓመት ከዚያ እግር ጋር ተኝቼ ምኑን ትለኛለህ እንዴ? በገዛ ቤትህ ካልሲ ሳታወልቅ ትኖራለህ። ገላህን ስትታጠብ በሩን ትቆልፋለህ። ልጅህ እግርህን አይታው አታውቅም።"

"ጉልበቴ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የነገርኩትን..."

"ጉልበትህማ ከኔ ጉልበት ይሻላል" አለችና ሽንኩርቱን ድስቱ ውስጥ ገልብጣ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ ነገር አልተናገረችም። "ጣቷ ከደረቀ በኋላ ብትነግራት ምን ዋጋ አለው?"

ምንም ዋጋ እንደሌለው ያውቃል። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያውቀው ከረመ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አፉ እምቢ አለው። ደግሞ አትፍረዱበት። ሰው አንድ ነገር ብቻ ሲኖረው፣ ያም አንድ ነገር ውሸት ሲሆን፣ አውጥቶ መጣል ቀላል አይደለም።

በአራተኛው ቀን ወጌሻዋ የሣለቻቸውን ወረቀቶች ይዛ መልበሻ ክፍል ገባች። ሁሉም ልጆች የሚገባቸውን ቁጥር እንዲያደርጉ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ እምቢ ባይ ሽቦ ሆነች። እሷ እምቢ ካለች ማን እሺ ይላል? ልጆቹ የወጌሻዋን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አሰልጣኙም እጁን አጣምሮ "ካልፈለጉ አላስገድድም፤ ከመራጮቹ በፊት ልጆቹን ማደናገር አልፈልግም" አለ። ወጌሻዋ ወረቀቶቿን ታቅፋ መሃል ላይ ቀረች።

ያኔ ጋሽ ቁጥር ከዕቃ ቤት ወጥቶ መጣና አግዳሚ ወንበሩ መሃል ላይ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ጫማውን አወለቀ። የግራውን ካልሲ፣ ከዚያም የቀኙን ካልሲ አወለቀና ሁለት እግሩን ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን አሳረፈ።

በቀኝ እግሩ አውራ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ተጋድሞ ሁለተኛው ጣት እላዩ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ሌሎቹ እንደ አሞራ ጥፍር ወደ ውስጥ ቆልመም ብለው መሬቱን በጫፋቸው ነው የሚነኩት። በግራውም ያው ነው፤ ትንሿ ጣትማ ከነመኖሯም የምታጠራጥር ናት። ጠባሳና የደረቀ ቆዳ ያልሸፈነው ቦታ የለም።

"ጉልበቴ ደህና ነው" አለ ጋሽ ቁጥር። "ጉልበቴን ማንም ነክቶት አያውቅም። ያስቆመኝ ይሄ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ ከጨዋታ በኋላ ታኬታዬን የማወልቀው ጓደኞቼ ይዘውኝ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቴ አንድ ቀን ለመሮጥ ተነሳሁ፤ እግሬ መሬት መርገጥ እምቢ አለ። ያኔ አንድ ሐኪም ጫማህ ነው አለኝ። ሳቅሁበት። ጣቶቼ አሸነፉኝ ብዬ ለማን ልንገር? ጉልበት ይሻላል፤ በጉልበት ያቆመ ሰው ይከበራል። ከዚያ እዚህ ስቀጠር የማውቀው እሱኑ ስለሆነ እናንተንም በዚያው ለካኋችሁ። ተሳስቻለሁ። ልጄንም ጭምር ነው ያጠፋሁት።"

ግድግዳ ናት መጀመሪያ የጠየቀችው። "ጋሼ፣ ታዲያ ያ ሁለት ሜትር የሆነው ተከላካይስ?"

"እሱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ" አለ።

አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ ሳቀች፤ አሰልጣኙም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ከሚስቁት ግማሾቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። ሽቦ ግን አልሳቀችም። የአባቷን እግር እያየች ቀስ ብላ መጣችና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች።

"ያማል?"

"አሁንም ያማል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ ማመሙን ለምን አልነገርሽኝም?"

ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰው ናቸው፤ እናቷ ሁልጊዜ ትለው የነበረ ነገር ነው። ሽቦ ታኬታዋን አንድ በአንድ ፈታችና ወለሉ መሃል ወረወረችው። ከዚያ ግድግዳ ወረወረች። ከዚያማ የወረወሩት ክምር ጉልበት ድረስ መጣ።

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ጋሽ ቁጥር ሃያ ሁለቱንም ከልምምድ በኋላ፣ እግራቸው ሲያብጥ ጠብቆ፣ አቁሞ ለካ። ርዝመቱን እስከ ረጅሟ ጣት፣ ስፋቱን ደግሞ እግሩ በጣም በሚሰፋበት ቦታ። ወጌሻዋ አጠገቡ ቆማ ስታየው ከሰላሳ ዓመት ሥራ በኋላ እንደ ጀማሪ እየጠየቃት ነበር፤ "እዚህ ጋ ነው ልጄ? ስንት ጣት ልተውለት?" እሷም የአንድ አውራ ጣት ስፋት ከፊት እንዲተው ታሳየዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ስንቱ ነው? እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ታኬታዎቹ ሁሉ ከትልቅ እግር ወደ ትንሽ እግር አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ። የግድግዳ የነበረው ለመሃል ተከላካይዋ፣ የሷ ለሌላዋ እየተባለ ሄደ፤ ጋሽ ቁጥርም የያንዳንዱን የውስጥ ንጣፍ በአዲስ ለወጠ። ለትልልቆቹ እግሮች የሚሆን ስላልነበረ የወንዶቹ ቡድን ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠና ካልሰጣችሁኝ አልነቃነቅም አለ። ሁለት ቀን ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን የወንዶቹ ዕቃ ያዥ "ውሰድና ከፊቴ ጥፋ" ብሎ ስምንት ጥንድ አሸከመው።

ሽቦ በአዲሱ ታኬታ በመጀመሪያው ቀን የነካችው ኳስ ሁሉ ወደ ውጭ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ራሷን ጠልፋ ወደቀች። በሦስተኛው ቀን ታኬታውን ልትወረውረው አንስታ የአባቷን ዓይን አይታ መለሰችው። ነገር ግን ሽቦ ሽቦ ናት፤ ወጌሻዋ አንድ ካለች እሷ ሦስት ትሠራለች። ፎጣ ወለሉ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ ብቻ እየጨመደደች ትስባለች። እራት ስትበላ ጠረጴዛው ሥር ብይ በጣቷ እያነሳች ጣሳ ውስጥ ትጥላለች፤ ቃ ቃ ሲል እናቷ "ይሄ ቤት ነው የብይ ሜዳ?" ትላለች፤ ከዚያ ራሷ ጫማዋን አውልቃ ትሞክራለች። በየጠዋቱ ጣቷ በፕላስተር ወደ ታች ትታሠራለች። ወጌሻዋ በየቀኑ ሃያ ሁለት ጥንድ እግር ፊት ትንበረከካለች፤ አንድ ቀን ስትሰለች አላዩዋትም። "እንደ ማስመሪያ ቀጥ ትላለች አልልሽም" ትላት ነበር ሽቦን፤ "ግን መሬት ከረገጠችልን ሌላ አንፈልግም።"

መራጮቹ በአምስተኛው ሳምንት መጡ። ሽቦ ሮጠች፣ ታገለች፣ አንድ ጥሩ ኳስ አሻገረች። ሁለት ጊዜ ግን ኳሱ ከእግሯ ሸሸ፤ ድሮ ቢሆን እንደ ተለጠፈባት የሚቀር ኳስ። ጋሽ ቁጥር ሁለቱንም ጊዜ አየ፤ መራጮቹ ሲጽፉም አየ።

ዝርዝሩ የወጣው ሦስተኛው ወር ሊሞላ ሲል ነው። ቢሮው በር ላይ ተለጠፈ። የግድግዳ ስም አለ። የሽቦ የለም። ጋሽ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ፣ ከታች እስከ ላይ አንድ ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቶ የታጠፉ ማልያዎችን ፈታና እንደገና ማጠፍ ጀመረ። በጠባቡ ታኬታ ብትጫወት ትመረጥ ነበር ይሆን? አንድም ቀን ከዚህ ሐሳብ የሚወጣ አልመሰለውም።

ሽቦ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ..." ብሎ ጀመረ።

"ዝም በል አባዬ። ተመልከት።"

ሳጥን ላይ ተቀመጠችና የቀኝ ካልሲዋን አወለቀች። ፕላስተር የላትም። እግሯን ሲሚንቶው ላይ አኖረች። ሁለተኛዋ ጣት ከእህቶቿ ጎን ተዘርግታ መሬቱን በሆዷ ረግጣለች፤ ጉብታዋ ላይ ትንሽ እጥፋት ብቻ ቀርቷል። ሽቦ እጇን ሳታስጠጋ ሌሎቹን መሬት ላይ እንዳሉ ትታ ያቺን ብቻ አነሳቻት። አወረደቻት። ደግማ አነሳቻት።

"ወጌሻዋ አየቻት?"

"አሁን ነው ከሷ ዘንድ የመጣሁት። እንቅስቃሴውን ብታቆሚ ውርድ ከራሴ ብላኛለች። ቀዶ ሕክምና ግን የለም አለች።"

ጋሽ ቁጥር ማልያውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ለመደበቅ አልሞከረም። ሽቦ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"መራጮቹ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣሉ" አለችው። "ከዚያ በኋላም ይመጣሉ። አንተ በሃያ ስድስት ዓመትህ አቆምክ። እኔ እስከ አርባ ነው የምጫወተው፤ እስክሰለቻቸው ያዩኛል።"

ካልሲዋን አጠለቀች፣ ታኬታዋን አሠረችና በሩ ጋ ሄዳ ዞረች። "ና እንጂ፣ ልምምድ ደርሷል። ኳሶቹን አምጣ።"

ጋሽ ቁጥር የኳሱን ከረጢት ትከሻው ላይ አንግቦ ተከተላት። ያነክስ ነበር፤ ድሮም ያነክስ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ ለመራመድ አልሞከረም።